በሐምሌ ሁሉም ይተክላል፤ በየካቲት ማን ያጠጣል?

ሐምሌ ላይ ቅዳሜ ማለዳ በሰንጋ ተራ ወይም በለገሃር ያለፈ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። አውቶቡሶች ተደርድረዋል። የባንክና የኢንሹራንስ ሠራተኞች አንድ ዓይነት ቲሸርትና ኮፍያ አድርገው ይሳፈራሉ። ባነሩ ተጠቅልሎ ከኋላ ተጭኗል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ወደ እንጦጦ፣ ወደ የካ ወይም ወደ ጉለሌ ነው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሥራው ያልቃል። ጭቃው ከጫማ ላይ ሳይደርቅ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይወጣል።

ይህን የማነሳው ለማጣጣል አይደለም። በዕረፍት ቀኑ ከአልጋው ተነስቶ፣ በዝናብ፣ በጭቃ ችግኝ ሊተክል የሚወጣ የቢሮ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ጉልበት አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ፈቃደኝነት አለ። የተጎሳቆለ ደንን መልሶ ለማልማት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ያሰኛል። የሚፈለገው እንግዲህ ጊዜው ነው። ሰዉ የሚመጣው ደኑ ብዙም በማይቸገርበት ወር ነው፤ ደኑ ሲቸገር ሰው የለም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። አረንጓዴ አሻራ በተጀመረበት ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ቁጥሩ 566 ሚሊዮን ደረሰ። ሐምሌ 24 ቀን 2017 ደግሞ ዕቅዱ 700 ሚሊዮን ነበር፤ ከዕቅዱም በላይ ተተክሏል ተባለ። በአንድ ቀን በመትከል የሚስተካከለን ያለ አይመስለኝም። ግን የአንድ ቀን ቁጥር የሚነግረን ስንት ችግኝ መሬት እንደገባ ነው። ስንቱ ሦስት በጋ እንዳለፈ ለማወቅ ሌላ ቆጠራ ያስፈልጋል።

መንግሥት የጽድቀት መጠኑ ከ80 በመቶ በላይ ነው ይላል። ያ የአገር አማካይ ነው። ከጅማ ጓሮ ጥላ ሥር የተተከለ ቡናም፣ በአርሶ አደር ማሳ ዳር ያለ አቮካዶም፣ እንጦጦ ላይ በተራቆተ ተዳፋት የተተከለ ኮሶም አንድ ላይ ይደመራሉ። ቡናውን ባለቤቱ ጠዋት ማታ ያየዋል። ኮሶውን ማን ያየዋል? በአማካይ ቁጥር ውስጥ ኮሶው ቢሞትም አይታወቅም። አንድ ድርጅት «እኛ የተከልነው ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያስፈልገው መልስ የአገሩ አማካይ ሳይሆን የራሱ ቦታ ቆጠራ ነው። ብዙዎች ግን ይህን ጥያቄ አይጠይቁም።

የአዲስ አበባን አየር እናውቀዋለን። በዓመት ከሚዘንበው ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ውስጥ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከዚያ ሰማዩ ይዘጋል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ከኅዳር ጀምሮ ውርጩ ይጨመራል። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ለማስረዘም ያለው ጊዜ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ፣ በመሃል ደግሞ ፍየልና በሬ።

እስቲ ውሃውን እናስላ። በ2 ሜትር ተኩል ርቀት ቢተከል አንድ ሄክታር 1,600 ችግኝ ይይዛል። ለእያንዳንዱ በሳምንት 5 ሊትር ብቻ እንመድብ። 8,000 ሊትር ይመጣል፤ አንድ መለስተኛ ቦቴ ማለት ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት የበልግ ዝናብ ድረስ በየሳምንቱ ቢሆን ሃያ ጊዜ ያህል መመላለስ አለበት። ቦቴው ደግሞ የሚደርሰው መንገዱ እስካለበት ነው። ከዚያ በላይ ያለው በጀሪካን፣ በሰው ትከሻ ነው። በቲሸርቱ፣ በአውቶቡሱና በምሳው የወጣውን ገንዘብ ከዚህ ጋር ያነጻጸረ የማርኬቲንግ ክፍል ቢኖር ባውቀው ደስ ይለኛል።

ደግሞ ሁሉን ችግኝ ማጠጣት ግዴታ አይደለም። ዋናው ነገር ከመትከል በፊት ያለው ሥራ ነው። ጉድጓዱ በግንቦት ተቆፍሮ፣ ውሃ የሚይዝ እርከን ተሠርቶ፣ ችግኙ ሳይዘገይ ዝናቡ እንደያዘ ቢገባና መስከረም ላይ ታርሞ በደረቅ ሣር ሥሩ ቢጎዘጎዝለት ብዙው ራሱን ይችላል። ይሄ ሁሉ ግን ፎቶ የማይነሳበት ሥራ ነው። በተቃራኒው የፎቶው ቀን ላይ የሚሠሩ ስህተቶች አሉ። ፕላስቲኩን ሳይቀድዱ መትከል አንዱ ነው። ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀራል። ችግኙ ለሁለት ወር አረንጓዴ ይሆንና በጥር ይደርቃል፤ ሰውም «ውሃ አጥቶ ነው» ይላል።

ለመሆኑ እንጦጦ «የተጎሳቆለ ደን» ነው ወይ? ከሜክሲኮ አደባባይ ቀና ብሎ ላየው አረንጓዴ ነው። ያ አረንጓዴ ግን በአብዛኛው ባህር ዛፍ ነው። ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ታች ሲወርዱ ተራራው በማገዶና በቤት እንጨት ፍለጋ ተራቁቶ ነበር። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሳ መዲናዋን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ሁሉ ነበር። በ1880ዎቹ የመጣው ባህር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አቆማት። ስለዚህ ባህር ዛፍን የሚሳደብ የአዲስ አበባ ሰው ትንሽ ይሉኝታ ቢኖረው ጥሩ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ተጠጋግቶ የተተከለ፣ በየጊዜው እየተቆረጠ የሚያቆጠቁጥ፣ ቅጠሉም ለማገዶ እየተጠረገ የሚወሰድ የባህር ዛፍ ሥር መሬቱ ባዶ ይሆናል። ሣር የለም፤ ቁጥቋጦ የለም። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው አይሰርግም፤ አፈሩን ይዞ ይወርዳል።

ወዴት ይወርዳል? ወደ እኛ ነዋ። ቀበናና ግንፍሌ ከዚያ ተራራ ተነስተው በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ጎን ያልፋሉ። ባንቲይቀጡ በፍልውሃ በኩል ይሄዳል። ሁሉም መጨረሻቸው አቃቂ፣ ከዚያም አዋሽ ነው። መሃል ከተማ ውስጥ ምድር ቤት ያለው ሕንፃ፣ ወንዝ ዳር የተሠራ ካፌ፣ ለመኪና ማቆሚያ መሬት ሥር የቆፈረ ሆቴል፣ ሁሉም የእንጦጦ ተዳፋት ደንበኛ ነው። እዚህ ላይ «ማህበራዊ ኃላፊነት» የሚለው የድርጅቶች ቋንቋ ትንሽ ያደናግራል። ውለታ የሚሠሩ ያስመስላል። የራሳቸውን ንብረት የሚጠብቁበት ወጪ አድርገው ቢያዩት አያያዛቸው ይለወጥ ነበር፤ ለጥበቃና ለጣሪያ ጥገና በየዓመቱ በጀት ይይዛሉና።

በእንጦጦ ላይ የተሞከረ ነገርም አለ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማህበር የተባለው አገር በቀል በጎ አድራጎት ድርጅት ወደ 1,300 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተረክቦ ባህር ዛፉን ቀስ በቀስ እያሳሳ የአበሻ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ሲተካ ቆይቷል። ከጎኑ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ፤ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት። ሁለቱም የሚሠሩት በዓመታት ቆጠራ ነው። መስከረም 30 ቀን 2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ ብዙ ሰው ወደ ተራራው እንዲወጣ አድርጓል። ይህ ለኋላው ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ድርጅቶቹ ገንዘብ እንምጣ። ገንዘብ የለም የሚል ክርክር አያስኬድም። በግንቦት 2011 «ገበታ ለሸገር» ላይ አንድ ሰው ለእራት 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ተቀምጧል፤ ከከፋዮቹም ብዙዎቹ ድርጅቶችና ባለሀብቶች ነበሩ። ዓላማው የወንዝ ዳርቻ ልማት ነበር። ከዚያ የምንማረው አንድ ነገር አለ፦ የግሉ ዘርፍ ገንዘቡን የሚያወጣው ጥያቄው ግልጽ ሲሆንና ማን እንደሰጠ ሲታይ ነው። የደን እንክብካቤ ሁለቱንም አጥቷል። «ኑና ትከሉ» የሚል ጥሪ አለ፤ «ይህን 20 ሄክታር ለሦስት ዓመት ውሰዱ» የሚል ጥሪ ብዙም አይሰማም።

እኔ ብጠየቅ ስምምነቱ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ድርጅቱ በካርታ የተለየ ቦታ ይቀበል። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይስጥ፤ አንድ ሦስተኛውን ለዝግጅትና ለተከላ፣ የቀረውን በየዓመቱ ከበጋ በኋላ ቆጠራ እየተደረገ ይክፈል። ቆጠራው በግንቦት ይሁን፣ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት። በመስከረም የሚቆጠር ችግኝ ገና ፈተና ላይ አልተቀመጠም። የሞተው ይተካ፤ መተኪያው በዋጋው ውስጥ ይካተት። ውጤቱም፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ለሕዝብ ይነገር። ስማቸውን ትልቅ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፣ ችግር የለውም። ብቻ ከስሙ ሥር ዘንድሮ ስንት እንደቆመ ይጻፍበት።

ሕጉ ለዚህ የተዘጋ አይደለም። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ የመንግሥትን ብቻ ሳይሆን የግል፣ የማህበርና የማህበረሰብ ደንንም ያውቃል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅም፣ ቁጥር 979፣ ለሕጋዊ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጥ ልገሳ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ በር ከፍቷል። ራሱ ባዘጋጀው የአንድ ቀን ሽርሽር ገንዘቡን ከሚበትን ድርጅት፣ ሥራውን ለሚያውቅ ድርጅት የሚሰጠው በዚህም በኩል ሊጠቀም ይችላል። ዝርዝሩን ግን የሒሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቁ።

ሌላው ብዙ የማይነገርለት ማነቆ ችግኝ ጣቢያው ነው። ድርጅቶች በግንቦት መጨረሻ ይወስናሉ፤ በሐምሌ 10 ሺህ ችግኝ ይፈልጋሉ። አገር በቀል ዛፍ ግን እንዲህ አይታዘዝም። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ልባሱ ካልተሰበረ በቀላሉ አይበቅልም። የጥቁር እንጨት ዘር ቶሎ ካልተዘራ ይሞታል። ጽድና ዝግባ ጣቢያ ውስጥ ከዓመት በላይ ቢቆዩ ይሻላል። ስለዚህ በጥድፊያ የሚመጣ ደንበኛ የሚሰጠው ቶሎ የሚደርሰውን ነው፤ ግራቪሊያ፣ ሽዋሽዌ፣ የፈረንጅ ጽድ። ባነሩ ላይ «አገር በቀል» ተጽፎ መኪናው ላይ የፈረንጅ ጽድ የሚጫነው በክፋት አይደለም። ትዕዛዙ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። አንድ ባንክ ለ2020 ክረምት የሚፈልገውን ዝግባ አሁን በቅድሚያ ክፍያ ቢያዝ፣ ለተራራው ከአስር የተከላ ዘመቻ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

መትከል ራሱ የግድ የማይሆንበት ጊዜም አለ። የሁምቦን ታሪክ ውሰዱ። ወላይታ ውስጥ ነው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ነበር። ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ የጀመረው በዋናነት ተከላ አልነበረም። ቦታውን ከንክኪ ነጻ አደረጉ። መሬት ውስጥ በሕይወት ከቀረው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡ፣ ደካማውን እየገረዙ፣ ጠንካራውን አሳደጉ። ሰባት የኅብረት ሥራ ማህበራት ደኑን ተረከቡ። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም ዛፎቹ ከአየር ስበው የሚይዙትን ካርቦን ለመግዛት ተዋዋለ። ገንዘቡ ለማህበራቱ ገባ። ተራራው ለበሰ።

እንጦጦ ላይም እንዲሁ ባህር ዛፉ በሳሳበት፣ ከብት ባልገባበት ቦታ ጽድና ወይራ ወፎች ባመጡት ዘር ራሳቸው ይበቅላሉ። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው አጥርና ጠባቂ ነው። «ሃምሳ ሄክታር ለሦስት ዓመት አስጠበቅን» የሚል ድርጅት ግን አላየሁም። ምን ፎቶ ይነሳል? የታጠረ ቁጥቋጦ?

የበጎ ፈቃደኞቹ ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በጎ ፈቃደኛ ምን ላይ ጎበዝ ነው? አረም ማረም፣ ሣር መጎዝጎዝ፣ ውሃ ማቀበል፣ መቁጠር። በተለይ መቁጠር። ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ቦታ የሚመዘግብና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ይዞ ነው የሚዞረው። ቅዳሜና እሑድ እንጦጦ የሚወጡት የእግር ተጓዥ ቡድኖች ብዛት ቀላል አይደለም። ለመሄድ ማንም አልለመናቸውም፤ በየሳምንቱ እዚያው ናቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቁራሽ ቦታ ቢሰጠውና በወር አንዴ አልፎ የቆመውንና የደረቀውን ቢመዘግብ፣ በብዙ ገንዘብ የማይገኝ መረጃ ይገኛል።

በጎ ፈቃደኛ የማይችለውም አለ። ጥበቃ አይችልም። ሌሊት እንጦጦ ላይ የሚያድር በጎ ፈቃደኛ የለም። ዛፍ ማሳሳትና መግረዝም ሙያ ነው። ይህን ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው መሥራት አለበት። ማን የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ማለፍ አይቻልም። ለዘመናት «ደን አጥፊ» ተብለው ሲባረሩ ኖረዋል። የተሸከሙት ግን ለራሳቸው ብቻ አይደለም፤ ታች ከተማ ውስጥ በእንጨት እንጀራ የሚጋግርና የሚገዛ ስላለ ነው። አጥር ሲታጠር መጀመሪያ ራቷን የምታጣው እሷ ናት። ድርጅቱ የሚከፍለው የጥበቃና የእንክብካቤ ደመወዝ ለእነዚህ ሴቶች ቢሄድ፣ መንገዱን፣ ምንጩንና ከብት የሚገባበትን ሽንቁር ከማንም በላይ ያውቁታል። ካልሆነ ግን በቀን የተተከለው በሌሊት ቢነቀል አልፈርድም።

የግሉ ዘርፍ ደንበኛም መሆኑ አይረሳ። መሃል ከተማው እንደገና እየተገነባ ነው። መወጣጫው፣ ድጋፉ፣ የቆርቆሮ አጥሩ ማገር አሁንም አጣና ነው። ያ አጣና ከአንድ ተራራ ላይ ይቆረጣል። እንጦጦን ወደ ጽድና ወይራ እንመልስ ስንል ባህር ዛፉ ሌላ ቦታ መልማት አለበት ማለት ነው። የሕንፃ ተቋራጮች ችግኝ ከሚተክሉ በብረት መወጣጫ ቢጠቀሙ፣ ወይም የራሳቸውን አጣና የሚያለሙ ገበሬዎችን በውል ቢይዙ ለተራራው የሚበጀው ይህ ይመስለኛል። ነገሩ ትንሽ ያስቃል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ጽድ ይተክላሉ፣ ሰኞ አጣና ያወርዳሉ።

«ይህ ሁሉ በአፍሪካ ከተማ የት ታይቷል?» ለሚል ሰው ናይሮቢ ቅርብ ናት። የካሩራ ደን ከ1,000 ሄክታር በላይ ነው፤ መሃል ከተማው አጠገብ። እ.ኤ.አ. በ1999 ለባለሀብቶች ሊሸነሸን ሲል የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ ችግኝ ይዛ ገብታ ተደበደበች፤ በኋላ የኖቤል ተሸላሚ ሆናለች። ደኑ ከመሸንሸን ተረፈ፤ ለዓመታት ግን የዘራፊ መደበቂያ ሆኖ ቆየ። የተለወጠው የአካባቢው ነዋሪዎች በማህበር ተደራጅተው ከመንግሥት የደን ተቋም ጋር በሕግ የተደገፈ የጋራ አስተዳደር ስምምነት ሲፈራረሙ ነው። ድርጅቶችና ግለሰቦች ለአጥር አዋጡ። የመግቢያ ክፍያ ተጀመረ፤ ገንዘቡም እዚያው ለጠባቂና ለእንክብካቤ ዋለ። ባህር ዛፉ በየቁራሹ እየተነሳ አገር በቀል ዛፍ ተተካ፤ ለዚያም ድርጅቶች ገንዘብ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን የመግቢያ ክፍያው በመንግሥት ዲጂታል አከፋፈል ብቻ እንዲሰበሰብ ሲታዘዝ ትልቅ ውዝግብ ተነሳ። ነዋሪው የጮኸው ስለ ክፍያው መንገድ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን ማን ያዝዝበታል በሚለው ነው።

እኛም ጋ ይኸው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ድርጅቱ አጥሮ፣ በጎ ፈቃደኛው ቆጥሮ፣ ሴቶቹ ጠብቀው ደኑ ሲያምር ቦታው ለሌላ ልማት ቢፈለግስ? በቃል የተሰጠ ተራራ በቃል ይወሰዳል። ውል ያስፈልጋል ያልኩት ድርጅቱን ለማሰር ብቻ አይደለም፤ መሬቱን የሚሰጠውም አካል መታሰር አለበት። ሸንተረሩ በአንድ በኩል የአዲስ አበባ፣ በሌላ በኩል የኦሮሚያ መሆኑ ደግሞ ፈራሚዎቹን ያበዛቸዋል። ከብቱና ጎርፉ ወሰን አያውቁም።

ማን ይጀምር ከተባለ፣ እኔ ዓይኔን የምጥለው ባለአክሲዮኖች ላይ ነው። የግል ባንኮቻችን በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ባለአክሲዮኖች አሏቸው። የበጀት ዓመታቸው በሰኔ ማብቂያ ገደማ ይዘጋል። የሐምሌው ተከላና የየካቲቱ ቦቴ እንግዲህ በአንድ በጀት ዓመት ውስጥ ነው የሚያርፉት፤ ለመጀመሪያው ዓመት «በጀት አልተያዘም» ማለት አይቻልም። ጠቅላላ ጉባኤው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት በኋላ ይጠራል። በሚታደለው ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ የችግኝ ተከላ ፎቶ ያለበት ገጽ አይጠፋም። በዚያ አዳራሽ አንድ ባለአክሲዮን እጁን አውጥቶ ስለ ትርፍ ድርሻው ከጠየቀ በኋላ ሁለት ነገር ቢያክል ጊዜ አይፈጅም፦ ያምናዎቹ ችግኞች ስንቱ ቆሟል? ለዘንድሮው በጋስ ስንት ብር ተይዟል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝለት።